የቸርኬ ሽበት

ሲትራ ላይ ንፋሱ ምላስ አለው፣ ጨዋማ፤
ግድግዳ ይልሳል፣ በር ይልሳል፣ ቸርኬ ከነጎማ።
እኔ አጣቢው ነኝ። ከጋራዡ ኋላ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
ሻምፖ፣ ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ አንድ ሰማያዊ ጀሪካን፣ ስሙ የማይነገር።

ኡስታዝ ዓቡድ መጡ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሙሐረቅ፤
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይርቅ።
አጎነበሱ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቸርኬውን ፋቁ፤
ነጭ ቅርፊት ረገፈ፣ የድንጋጤ ሽበት። ቀና አሉና ጠየቁ፤
«አሥራ አራት ወሩ ነው። ሦስት ዓመት ብላችሁ ፈርማችኋል።
ይህ ምንድን ነው?»
          ቢጁ ከባንኮኒው ጀርባ በትሕትና ፈገግ ይላል።
«ዝገት አይደለም ጌታዬ፤ አሉሚኒየም አይዝግም።
የባሕር አየር ነው። ዋስትናው አየርን አይጨምርም።»
«ደሴት ላይ ነው የሸጣችሁልኝ! አየሩን የት ላድርገው?
ወይስ ድልድዩን ተሻግሬ፣ በረሃ ወስጄ ላቁመው?»

ቢጁ ገለጠ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ በደቃቅ ፊደል፤
ጨው፣ አሸዋ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የወፍ ኩስ፣ «ውጫዊ በደል»።
ወፊቷ እንኳ በዚያ ገጽ ላይ የራሷ መስመር አላት፤
ጀሪካኔን ግን ማንም አልጻፋት።

እኛ አገር ዋስ ሰው ነው።
እግር አለው፣ ይመጣል። አፍ አለው፣ ይናገራል።
ቢስቲማ ላይ ወፍጮ ቤት ስቀጠር፣ ጋሽ አረቡ ቆመውልኛል፤
«ይህ ልጅ አንድ ቁና ቢያጎድል፣ ከጎተራዬ ስፈሩ» ብለው፣
አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው።
አጉድዬ ነበር፣ አንዴ። ከፈሉ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም።
ከዚያ ወዲህ የሰው ቁና አልነካሁም።
እዚህ ዋሱ ወረቀት ነው፤ ሲጠሩት ገጹን ያዞራል፤
ሃምሳ ስድስት ገጽ ይዞ፣ በአንዱስ እንኳ መች ያፍራል?

በየሦስት ወሩ፣ «ነፃ እጥበት» ተብሎ፣ መኪናቸውን እኔ ተቀበልኩ፤
በዚያ ሰማያዊ ጀሪካን ቸርኬውን እኔ አራስኩ።
አሲድ ነው። የፍሬን ጥቀርሻ ባንድ ትንፋሽ የሚያረግፍ፤
ከጥቀርሻው ጋር ቫርኒሹን፣ ከቫርኒሹ ጋር የጣቴን ቆዳ የሚገፍፍ።
ለአንድ እጅ ስምንት እጅ ውሃ፣ ይላል ጎኑ ላይ የተጻፈው፤
ቅዳሜ ሠላሳ መኪና ሲሰለፍ፣ ውሃውን ማን ሊሰፍረው!
ባሕሩ ንጹሕ ነው አልልም። ግማሹን እሱ ልሶታል።
ግማሹን ግን እኔ ነኝ። ይህን ቢጁም ያውቃል፤
ቢጁም ፓስፖርቱ ከእኔው ጋር ባንድ መሳቢያ ተቆልፎበታል።

ኡስታዝ ወደ እኔ ዞሩ።
«አንተ ነህ የምታጥበው። ምን ትላለህ?»
አረብኛዬ «አዎ»ን እና «ነገ»ን ለማለት ነው የሚበቃ፤
ኮምፕሬሰሩ እንኳ ጸጥ አለ፣ ጆሮ እንዳለው ዕቃ።
ጓንቴን አወለቅኩ።
እጄን ከቸርኬው አጠገብ አኖርኩ።
ነጭ ቅርፊት ከነጭ ቅርፊት ጎን፣ የአንድ እጅ ጽሕፈት።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አዩት።
እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፉ፤
ሒሳብ ይሁን ስሜ፣ አላውቅም። ሳይሰናበቱ አለፉ።

ቸርኬው አልተቀየረም። እኔም ገና አልተባረርኩም።
ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል።
አንድ ጣሳ ከጀሪካኑ ቀዳሁ።
ውሃውን እሰፍራለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ወፍጮ ቤቱ።
አለቃው ይጮኻል፣ ጥሩምባው ይጮኻል።
ስድስት።
ሰባት።
ቆይ።
ስምንት።