ሞዴል ሃያ ሁለት

ሌሊት ሰባት ሰዓት ስልኬ ጮኸ በብርቱ፤
«ሸምሲያ፣ ተነሺ፤ ወንዙ ወጥቷል ከቤቱ።»
የት ነው? ስንት ሰው ነው? ብዬ አልጠየቅኩም፤
ቁልፉን ከትራሴ ሥር ስስብ መብራት አልፈለግኩም።

ከሄርማታ ወዲያ፣ አዌቱን ተሻግሮ፣
መጋዘናችን አለ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፤
ዝናቡ ጣሪያውን እንደ ሙቀጫ ሲወቅጥ፣
በር ላይ የቆመው አይሱዙ እንደ ወላድ ላም ሲያምጥ
ደረስኩ። ዳርጌ ቀድሞኛል፣ ጆንያ በራሱ ደፍቶ፣
ስድስት ጫኝ አስከትሎ፣ በየቤታቸው አንኳኩቶ።

ሰው እርዳታ ሲባል እንባ ይመስለዋል፤
እንባ አይጫንም፤ የሚጫን ይቆጠራል።
ገመድ ነው፣ ሸራ ነው፣ የናፍጣ ኩፖን ነው፣
ጀሪካኑ ዛሬ ደርሶ ክዳኑ ለማክሰኞ ነው፤
የአይጥ ጥርስ ያገኘው የአልሚ ምግብ ካርቶን፣
መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ ስንል መኖራችን።

አባወራ፦ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤
ብርድ ልብስ፦ አራት መቶ፤ ካርዴ ይመሰክራል።
ሳካፍለው ነጥብ ወጣ፤ በነጥብ ማን ይሞቃል?
ለአራስና ለሽማግሌ አልኩ፤ የቀረውን አላህ ያውቃል።

የሚፈርመው አለቃ አዲስ አበባ ተኝቷል፤
ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ እሱ ሌላ ሕልም ገብቷል።
ያለ ፊርማ አይወጣም፤ ይህን እኔው አስተምሬያለሁ፣
ለአዲስ ገቢ ሁሉ ጣቴን ቀስሬ ተቆጥቻለሁ።

ቁልፉን አዞርኩት።

ጫኞቹ ሲቀባበሉ አንዱ በኦሮምኛ ሲቆጥር፣
ሌላው በዳውሮኛ፣ እኔ በአማርኛ ስጽፍ፤ ድምሩ ግን አንድ ነበር።
ሾፌሩ ተማም አባ ዱራ «ሰንሰለቱስ?» አለኝ፣
ለጎማው፤ ሦስት ወር ሙሉ በጨረታ የዘገየኝ።
«ግድ የለም» ብሎ ሳቀ። በአንድ መጥረጊያ ጉሙን እየገፋ፣
በዴዶ መንገድ ሽቅብ፣ ቀይ መብራቱ ጠፋ።

እኔ ቀረሁ። የመጋዘን ሰው ሁልጊዜ ይቀራል፤
ባዶ ፓሌት ላይ ተቀምጦ የሄደውን ይጠብቃል።
የተቀደደ ጆንያ በመርፌ እየሰፋሁ ቆየሁ፣
ቀዳዳው ሲያልቅብኝ ሌላ ጆንያ ፈለግሁ።

ረፋድ ላይ ደወለ፦ «ድልድዩ የለም።» ዝም አልን ሁለታችን።
«የኮረሪማ ነጋዴዎች በቅሎ አሏቸው፤ ለኪራይ በጀት አለን?»
ለበቅሎ በጀት የለንም። የትራንስፖርት ሠንጠረዡ
የሚያውቀው ጎማ ያለውን ነው። እኔም አልኩት፦ «ጫኑ፣ ያዙ፤
ደሞዜን አስይዣለሁ።»

በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ፤
የአውራ ጣት ሰልፍ አየሁ፣ ሐምራዊ፣ ከገጽ ገጽ ተከታትሎ፤
አንዳንዱ ጣት ሰፊ፣ በዶማ የደነደነ፣
ሠላሳ ሰባተኛው የልጅ ነበር፤ የቤቱ ራስ እሱ ሆነ።
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።
«አንዷስ?» ተማም ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አወጣልኝ፦
ጨርቅ ነው ጭቃ የማይለይ፣ ጎማ አኝኮ የለቀቀ፤
«ዳገቱ ላይ አነጠፍኳት፤ መኪናው በሷ ተላቀቀ።
ሌሎቹን ያሻገረች እሷ ናት» አለና ሊታጠብ ሄደ።

ኦዲተሩ ጥቅምት ላይ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ይቺ ተቀባይ የላትም» አለ፣ መስመሩ ላይ እስክሪብቶ ተክሎ።
ጨርቁን ዘረጋሁለት፦ «ተቀባይ፣ የዴዶ ጭቃ፤
ፊርማው ይኸው፣ የጎማ ጣት። እየው፤ አይተህ ስታበቃ
ከደሞዜ ቁረጥ።»

ስለ አንዷ ገጽ ተኩል ጻፈ። ያልደረሳቸው ሁለት መቶ
አሥራ ሦስት አባወራ ግን፣ ያ ሁሉ ብርድ ተከማችቶ፣
የሚሞላበት ዓምድ የለም።
                                    ከወረቀቱ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ቁጥራቸውን ጻፍኩ።
ሰንሰለቱን ዛሬም ጠየቅኩ።