ከእርሳሱ በር ጀርባ

ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ሰው አስተኝቶ መውጣት፣
ከወፍራም በር ጀርባ በመስታወት ማየት።
"አይንቀሳቀሱ፣ አሁን እመጣለሁ"
እያልኩ ለሁሉም ሰው፣ ትቼ እወጣለሁ።
ጨረሩን የማዘው እኔ፣ የምሸሸውም እኔ፤
አልጋው ላይ የሚቀረው በሽተኛው ነው፣ ያለ እኔ።

ከተማችን ትንሽ፣ በአንድ ጎኗ ባሕር፣
በአንድ ጎኗ ደግሞ የሸንኮራ ሀገር፤
ሰማይዋ ግን ሰፊ፣ የኩዊንስላንድ ሰማይ፣
በደመና የነጣ፣ የከበረ በፀሐይ።

ሰኞ ሃርጋን መጡ፤ ሰባ ዘጠኝ ናቸው፣
ባርኔጣ ሳይደፉ ባሕር ላይ ማርጀታቸው
አፍንጫቸው ላይ አለ፤ ዶቃ የምታህል፣
ጠርዟ እንደ ሉል በርቶ መሐሏ የሚቆስል።
"ብጉር ናት" ይሉ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ሚስታቸው ከትራሱ ደም እያጠቡ ሳሉ።
ሐኪሙ አማረጧቸው፦ "ቢላዋም ይቻላል፣
ከግንባር ተቆርጦ አፍንጫ ይጣፋል፤
ወይም ያለ ቢላ፣ ሃያ ቀን በጨረር።"
"አፍንጫዬ" አሉ፣ "የአባቴ ነው፤ ይኑር።"

በሐምራዊ ቀለም ዙሪያዋን ከበብኳት፣
ከጤነኛው ቆዳም ጥቂት ጨመርኩላት።
እርሳስ፣ በልጅነቴ ፊደል የጻፍኩበት፣
ዛሬ ጭንብል ሆኖ ዓይን እጋርድበት።
ከዚያ በሩ። ከዚያ ቁጥር። ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ፣
ማሽኑ እንደ ፍሪጅ ሲያጉረመርም፣ አንድ በአንድ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ በአምስተኛው ቀን፣
"ሃምሳ ዓመት ላዬ ላይ የነደደች ፀሐይ፣
እሷም ጨረር፣ ይሄም ጨረር፤ ዘመድ አይደሉም ወይ?"
"ዘመድ ናቸው" አልኩኝ፤ "ይሄኛው በልክ ነው፤
እሾህን በእሾህ የሚሉት ነገር ነው።"
ሳቁ። "እኔ የማውቀው መንጠቆ ነው" አሉ፤
"ጣት ከነከሰ በኋላ አይሳብም በኃይሉ፤
ወደፊት ይገፋል፣ በሌላ ወገን እስኪመጣ።
ያማል። ግን እንዲያ ነው ሥጋ ሳይዝ የሚወጣ።"
በሦስተኛው ሳምንት አፍንጫቸው ቀላ፣
እንደ ድንች ተላጠ፣ ቅርፊት ያዘ ኋላ።

ረቡዕ ደግሞ ሊቲያ፣ የፊጂ ደሴት ልጅ፣
የማንጎ ሙጫ ሽታ ያልለቀቀው እጅ።
ለእህቷ ሠርግ ብላ ጆሮዋን ብትበሳ፣
ከመርፌዋ ቀዳዳ ሥጋ ከሥጋ ተነሣ፤
ጠነከረ፣ በላት፣ የወይን ፍሬ አከለ፣
ቢቆርጡት በቀለ፣ ደግሞ ቢቆርጡት በቀለ።
ቁስሉ ሽሮ ሳለ፣ የማይሻር ጠባሳ!
ቤቱ ተጠናቆ፣ ሰው ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣
"ሥራው አልቋል" ብሎ ማንም ያልነገረው ግንበኛ
በጨለማ ድንጋይ እየደረደረ፣
እየደረደረ።
ትናንት ሐኪሙ ቆርጦ ሰፋው፤ ዛሬ የኔ ተራ፣
ሦስት ቀን ብቻ፣ ለዚያ ግንበኛ ላወራ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀመጡ፣
እሳቸው በአፍንጫቸው ሐምራዊ ቀለበት፣
እሷ ጆሮዋን በፋሻ ጠቅልላ።
"ምን ሆነሽ ነው?" አሉ።
"ቁስሌ ዳነ" አለች፣ "ዳነ፣ ዳነ፣
መዳኑን ማቆም ግን አቃተው።"
"የኔ ደግሞ" አሉ "መሞት የረሳ ነው፤
ሐኪሙ እንዲያ ነው ያለኝ።"
ከዚያ ስለ ዓሣ አወሩ።

ሃርጋን በሦስተኛው ወር ለምርመራ መጡ፣
ባርኔጣ ደፍተው፤ የዋጋው ወረቀት ከጠርዙ ተንጠልጥሎ።
"ሚስቴ ናት" አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።
አፍንጫው ያው የአባታቸው፤
ዶቃዋ የነበረችበት ብቻ ነጣ ብሏል።

ሊቲያን ግን ምን ልበላት?
"አለቀ?" አለችኝ።
"አላውቅም" አልኳት፤ "ዓመት እንይ፤ ሁለት ዓመት።"
ዝም አለች። ከቦርሳዋ ሁለት ማንጎ አውጥታ
ከመቆጣጠሪያው አጠገብ አኖረች።
"ይሄኛው ዛሬ ይበላል። ያኛው ገና ጥሬ ነው፤
መስኮቱ ላይ አኑሪው፣ ደግሞ በጣትሽ
በየደቂቃው እየተጫንሽ አትዪው"
ስትለኝ
እጇ ጆሮዋ ላይ ነበር።