ሁለት ነጥብ

በርገን ላይ ዝናቡ ዜና አይደለም ከቶ፤
ሃያ አራት ካፖርት ከነውኃው መጥቶ
ከበሩ አጠገብ ይንጠባጠባል፤
ክፍላችን የራሰ ሱፍ ሱፍ ይሸታል።
ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ ተራዬ ደርሶ ነው
ሥነ ምግባር ብዬ የማስተምረው።

"ቦርሳ ወድቆ ብታዩ፣ ማንም ሳያያችሁ፣
እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?"
ሃያ ሦስት እጆች ሽቅብ ተሰቀሉ፤
"ለባለቤቱ ነዋ!" በአንድ ድምፅ አሉ።
ቱርቢዮርን ብቻ፣ ዴስኩ ላይ ተኝቶ፣
"ስንት ክሮነር አለው?" አለ አንገት አቅንቶ።
ሳቅን፤ እኔም ጭምር። ማታ ግን በአውቶብስ
የተራራውን ጥግ ይዤ ስመለስ
የእሱ ጥያቄ ነው ልቤ ላይ የዋለ፤
ዋጋውን ሳያውቁ ምን መመለስ አለ?

ዓርብ የሒሳብ ፈተናቸውን ሰጠሁ።
ደወሉ ሲደወል፣ ክፍሉ ሲራገፍ፣
ሱኒቫ ቀረች ከጠረጴዛዬ ጫፍ፤
በጥፍሯ ነካችው ቀዩን ድምሬን፣
አንገቷን ሳታቀና፣ ሳታየው ዓይኔን፦
"ሰባትና ስምንት... አሥራ ሰባት ይላል።"

አይልም። አሥራ አምስት። እኩለ ሌሊት ላይ
ዓይኔን እያሸሁ ነው የደመርሁት፣ ወዮልኝ።
አርባ አንድ ያልሁት ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤
አርባ ደግሞ አጥር ነው፣ ሰው የሚለየው፦
ከአጥሩ ወዲህ አራት፣ ከአጥሩ ወዲያ ሦስት።
አራት ካመጣች ደግሞ አባቷ ቃል ገብቷል፤
በጋውን በአጎቷ ጀልባ ሎፎተን ይወስዳታል።
ይህን እኔም አውቃለሁ። ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።
ከመስከረም ጀምሮ ደብተሯ ኅዳግ ላይ
ያቺኑ ጀልባ ነው የምትስለው።

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?"
ከአፌ ሊወጣ ነበር። ምላሴን ነከስሁት።
መምህር ነኝ እኮ።

በእናቴ ቋንቋ ላይ ሁለት ነጥብ ማለት
ቃል ከቃል የሚለይ ጠባብ በር ናት።
አራት ነጥብ ይዘጋል። ሦስት ነጥብ ይጠይቃል።
የሱኒቫ አራት በእጄ ሦስት ሲሆን
ድሮ የዘጋሁት ተከፈተ አሁን፤
ጥያቄ ሆነና ወደ እኔ ዞረ።

ኮምቦልቻ። ስምንተኛ። ሰኔ ሠላሳ ዕለት።
እኔም ተደምሮልኝ፣ የማይገባኝ ሁለት፣
አንደኛ ወጣሁ፤
ዴስክ ተጋሪዬን፣ እንድሪስን፣ በአንዲት ነጥብ በለጥሁ።
ሽልማቱን፣ ባለ ጥቁር ሽፋን መዝገበ ቃላት፣
ከሰንደቁ ሥር ተቀበልሁ፤
እሱም አጨበጨበልኝ፣ ከልቡ።
ማታ በኩራዝ ሦስት ጊዜ ደመርሁት።
ሦስት ጊዜ ዝም አልሁ።

"ዝም አይነቅዝም" ይላሉ።
ይነቅዛል።
ባሕር ተሻግሮ ከእኔው ጋር የከረመ
ያ መጽሐፍ፣ ብል ገብቶ፣ ከ"ሐ" እስከ "መ"
ተበልቷል፤ "ሐቅ" የሚል ቃል ያለ ፍቺ ቆመ።

አርባ አንዱን ሰረዝሁ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሦስት።
ሱኒቫ ወረቀቷን አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ፣
አላለቀሰችም፣ ፈገግም አላለች፤
ዕዳ እንደ ከፈለ ሰው ደረጃውን ወረደች።
ከካፖርቶቹ መሐል፣ ሲሰማ የቆየው ቱርቢዮርን
"ሞኝ ነሽ" አላት።
ደጅ ሲወጡ ግን ጃንጥላውን ዘረጋላት።

(ሰኞ አምስት ልጆች "እንደገና ደምር" ብለው መጡ፤
አምስቱም ያነሰባቸው ነበሩ። ሁለቱ እውነት አወጡ።)

ቅዳሜ ፖስታ ቤት። ከኋላዬ ሰልፍ አለ።
መዝገበ ቃላቱ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሏል፤
ለእንድሪስ፣ ኮምቦልቻ፣ በወንድሙ ሱቅ በኩል።
ከመስኮቱ ወዲያ ሴትዮዋ ቅጹን ገፋችልኝ፤
"የዕቃው ዋጋ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።
ስንት ክሮነር አለው?
ብዕሬን አነሣሁ፡