ዜሮ ላይክ

ደሴ፣ አራዳ ላይ፣ ከጎማ መሸጫው ፎቅ፣
አንዲት ክፍል ይዤ ሰው ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣
ለሚያለቅስ ብዬ የገዛሁትን ሶፍት
ጉንፋን ይዞኝ ከርሞ ራሴ ጨረስኩት።

ታፔላዬ ያምራል፦ «የሥነ ልቦና ምክር፣
ሉባባ እንድሪስ» ይላል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር።
ሰው ግን ቀና ብሎ ታፔላ አያነብም፤
አንባቢውን የሚያነብ ጎረቤት አይጠፋም።
የእንጨት ደረጃውን፣ በየወሩ መባቻ፣
ኪራይ ሊቀበሉ የወጡት ጋሽ ይመር ብቻ።

ከታች ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ፣ ኑርዬ፣
አንድ ማታ መጣ። «ምን ሆነሻል፣ እትዬ?
ሬዲዮን እርሺው፤ ዋጋው አይቀመስም።
ሦስት መቶ ብር አለሽ? ከዚያ በላይ አልልም።»
ገጽ ከፈተልኝ፤ ካርታ ላይም ሰካኝ፤
ካርታው ተሳስቶ ጥርስ ሐኪም ቤት ጣለኝ፤
የመጀመሪያው ደዋይ «መንጋጋዬን!» አለኝ።

«አሁን» አለ ኑርዬ፣ «የቀረሽ ምስክር፤
አንድ የዳነ ሰው በፎቶ ይናገር።»
«እዚህ ክፍል ውስጥ» አልኩት፣ «የወደቀ ቃል
ገበያ ከወጣ ማን ይቀመጣል?»
ዝም አለ። «እንግዲያ ምንድነው የሚለጠፍ?»
ስልኩን ያሽከረክራል በጣቶቹ ጫፍ።

ያን ሌሊት ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮት ሲያለብስ
በድምፄ ቀዳሁት፣ ጉንፋኔን ሳልጨርስ፦

«ደረጃው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። አራተኛው ሲጢጥ ይላል።
በጓሮ በር ግቡ።
ስማችሁን መስጠት ከከበዳችሁ ሌላ ስም እንመርጣለን።
ዝም ለማለትም ቀጠሮ መያዝ ይቻላል።
ተማሪ በግማሽ ዋጋ።
ሶፍት፣ እንደገና ገዝቻለሁ።»

አራት ሺህ ሰው ሰማው። ላይክ ያደረገው፦ ዜሮ።
ኑርዬ ስልኩን አየው፤ እኔንም አየኝ፣ ተቸግሮ።
እሱ ልጅ ነው። ደሴ ላይ ላይክ ማለት ፊርማ ነው፤
አክስት ካየችው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አየው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ የአበባ ፎቶ ያለው፣
ስም የሌለው ሰው ጻፈ። ጻፈና አጠፋው።
እንደገና ጻፈ፦ «ያ አራተኛው ደረጃ
በጣም ነው የሚጮኸው?»
                ይኸው፣ የገበያ መረጃ።
ሲነጋ በሠላሳ ብር ምስማር አስመታሁና
«አሁን አይጮህም» አልኩት።
                የአበባው ሰው መጣ።
ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አላወጣ።
ከፍሎ ሄደ።
በሳምንቱም መጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፦
የደሴው ሰው ሲጽፍ «ኮምቦልቻ የለሽም?» አለኝ፤
የኮምቦልቻዋ ግን «ደሴ ነሽ? ተመስገን፤
እዚያ አንድም ዘመድ የለኝ፣ ሰላም የሚለኝ።»
ሐረጎ ብቻ ነው በመሃል ያለው ተራራ፤
ወዲያ ያለው ወዲህ፣ ወዲህ ያለው ወዲያ ይሸሻል በተራ።
«እንገልብጠዋ!» አለ ኑርዬ፣ ዓይኑ በርቶ፤
የአንዱን ማስታወቂያ ለሌላው ከተማ ሰጥቶ።

እኔም ሐሙስ ሐሙስ፣ ለግማሽ ቀን ኪራይ፣
ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ፣
አንዲት ሴት አጠገቤ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ፍዝዝ።
ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ታውቃለች።
«መስኮቱን ልዝጋው?» አለች። «ዝጊው» አልኳት። ዘጋች።
ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል፣ ለየብቻ ከፈልን።
ቦርከናን እያየን፣ አንገት አዙረን፣
መናኸሪያው ስንደርስ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ ወረድን።

ሃያ ደቂቃ ቆይቶ በሩ ሲንኳኳ ሰማሁት።
«እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት፣ ገና እንዳየኋት።