አራተኛው ቀን

የሳፖሮ ትራም ቆሟል፤ በረዶ ሐዲዱን ውጦታል፤
ቺጉሳ በእግሯ መጣች፤ ዛሬ አራተኛው ቀን ሆኗል።
ሽለምጥማጥ መሳይ ፌሬቶች፣ ስድስቱም በየሣጥናቸው፣
ሦስት ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ በአፍንጫቸው ተጨምሮባቸው፣
ያይዋታል።

እናቷ አምና ተከትባ ነበር፣ እንደ ተማሪ ተሰልፋ፣
ጥጡን ክንዷ ላይ ይዛ፣ «ዘንድሮስ አፈረ!» ብላ በተስፋ።
ክትባቱ የሚያውቀው ግን የካቻምናውን ፊት ነበር፤
በሽታው ባርኔጣ ሳይሆን ራሱን ቀይሮ ሲያድር፣
ዘበኛው እንግዳ መስሎት ከፈተለት፣ የሳንባዋን በር።

«ራሱን ይለዋውጥ» ትላለች፤ «አንገቱን ግን የት ያደርገዋል?
ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ እጅ እዚያ ጋ ያንቀዋል።»
ቀላል ይመስላል ሲወራ። አሥራ አራት ዓመት ፈጀባት፤
ፀጉሯ ከቆቡ ሥር፣ ሳታየው ሸበተባት።

በአገሯ ላነጠሰ ሰው «ይማርህ» አይባልም፤
ዝም ይባላል። እሷም ዝም ብላ ሰዓቷን አየች። አንዳቸውም
አላነጠሱም።

መብራቱን አላጠፋችም፤ ቆየች ጥቂት፣ አልሄደችም ገና፤
በእርሳስ ስድስት ዜሮ ጻፈች፤
ነገ ሊፋቅ ይችላልና።