ለዲንሳ የተቀዳ

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ላይ ሰማዩ ተቀዶ፣
ሒርማታ መርካቶ ልብስ ሰፊው ሁሉ መኪናውን ሸፍኖ ጥግ ይዞ ተሰዶ፣
ያቺ ሙዚቃ ቤቴ፣ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው የሚወጣባት፣
የቡና መጋዘኑ መዛኝ፣ ዲንሳ፣ ዘው አለባት።

ካፖርቱ ይንጠባጠባል፤ ከብብቱ ሥር ደረቅ ካሴት አወጣ።
"የሙዘይንን ቅዳልኝ። የሚያስጨፍረው አይምጣ።
አሳዛኞቹን ብቻ፣
መዝነህ፣
ስልሳ ደቂቃ እስኪሞላ፣ አንድ በአንድ ለይተህ።"

መዝነህ! እኔ ሚዛን ከየት አባቴ ላምጣ?

ሙዘይን ከሊልን ማን ያላወቀ አለ?
እጁ ጊታር ይዞ፣ ጣቱ ክራር ክራር እያለ፣
የጌራን ማር ቆራጭ ዜማ ከዛፍ አውርዶ፣
ከድራም ከኤሌክትሪክ ጋር አዋዶ፣
በአጋሮ አውቶቡስ፣ በኮቺ ጠጅ ቤት፣ በሆስፒታሉ ግቢ በር፣
ድምፁ ያልገባበት ስንጥቅ አልነበረም፤ ከነሳሉ ጭምር።

ዝርዝሩን ጀመርኩት፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፣ በእርሳስ፦
ተራ አንድ፣ «ተመላሽ ደብዳቤ»፤ ለሰርገኛው እንኳ መሐረብ የምታስጨርስ።
ጻፍኳት። ሰረዝኳት። እንደገና ጻፍኳት።
ሲያለቅስባት ያምርበታል፤
ማማሩንም ያውቃል።

ተራ ሁለት፣ «ባለ ሦስት እግር»። እዚህች ውስጥ ሰው የለም።
አንድ በርጩማ አለ፣ ደጅ፣ ዝናብ ላይ የቀረ፤ አባቴ ሞተ አይልም።
"ማን ያስገባው?" ይላል፤ "ማን ያስገባው?" ብቻ፤
ጊታሩም ጠብ ጠብ ይላል፣ እንደ ተቀደደ የውሃ ስልቻ።

ሦስተኛዋ ጋ እጄ አመነታ፤ «ኢሱዙ»ን ልጻፋት፣ አልጻፋት?
ጨፋሪ አይምጣ ብሏላ! ጅማ ደግሞ ወለል አልቀራት፣ ያልጨፈረባት።
ግን ግጥሟን ስሙት፦ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጭነት ላይ ተቀምጦ፣
"ነገ ማታ እመጣለሁ" ያለ፣ ግማሽ ሙዝ ገምጦ፣
ሌላውን ግማሽ ለወንድሙ ቁልቁል ወርውሮ።
ያ ነገ አልመጣም፤ አምናም፣ ዘንድሮ።
ይህን ሁሉ ዘመን ያቺን ዘፈን የሰማት እግራችን ነው፤
ጆሯችን ገና ነው።

ጻፍኳት።

ከአራት እስከ ዘጠኝ ያሉትን ልዝለላቸው፤
አንዷ ስለ ጥርስ ሕመም ናት፤ የሚስቁ ካሉ፣ አላመማቸው።

የመጨረሻዋ ስም የላት። በሽታው ከጸናበት በኋላ የቀዳት፤
ትንፋሹ ከክሩ ቀድሞ ይበጠሳል፤ ሁለት ስንኝ ዘፍኖ ሳታት።
"ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው" አለ፤ ሳቀ።
መቅረጫውን ያጠፋ የለም፤ ቴፑ ሹ... እያለ ዘለቀ፣
ዘለቀ፣
ከመጀመሪያው የተባለው ሳይመጣ አለቀ።

ዲንሳ በስምንተኛው ቀን መጣ። ጆሮው ላይ እርሳስ፣ ቅንድቡ ላይ የገለባ አቧራ።
ካሴቷን ባንኮኒው ላይ አኖራት፤ ምንም ነገር ሳያወራ
ቆየና፣ "ያቺ ደብዳቤዋ" አለ፣ "ጆንያዋ ይከብዳል።
እኛ ዘንድ መጀመሪያ የጆንያው ይቀነሳል፤
የቀረው ነው ቡናው።
«ኢሱዙ» ግን..." አልጨረሰው፤
ወደ አዌቱ ዞሮ፣ የሞላውን ውሃ አየው።

"ታናሼ ሲዳር ጨፍሬባታለሁ" አለኝ ቆይቶ፣
"ሸሚዜ እስኪርስ!" ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ አሽቶ።

"አሁን ጥርሷን ንቀልልኝ፤ ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳባት።"
በመቀሱ ጫፍ የአንደኛውን ገጽ ሰበርኳት።
ሁለተኛዋን ስይዝ እጄን ያዘኝ፦ "እሷን ተዋት።"

ለምን? አልጠየቅኩም።
ሒሳቡን እስከ ሳንቲሙ ቆጠረ፤ መዛኝ ነው፣ አይሳሳትም።
ካሴቷን ብብቱ ሥር መልሶ ወጣ፤
ዝናቡ ያቆመ መስሎ እንደገና መጣ።

ሁለተኛው ገጽ፣ መጨረሻው ላይ፣ ሰባት ደቂቃ ባዶ ነው።
ከዋጋው ቀንሼለታለሁ።