የኩላሊት ቆብ

ያኔ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣
ሥራዬ ባልዲ መሸከም ነበር።
ኢንስብሩክ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ገና ሳይነጋ፣
በረዶ የሞላ ባልዲ ይዤ ቄራው በር ላይ ስቆም
ተራሮቹ አልነቁም፣
ትራሙ አልጮኸም፣
የነቃ ቢኖር ሮሜዲዩስ ብቻ።

ቢላው ከእጁ ጋር የተወለደ ይመስል
ሞራውን ገልጦ፣ ኩላሊቱን ገፋ አድርጎ
ያቺን ቆብ ከላዩ ያነሣታል፤
የልጅ ጆሮ የምታህል ዕጢ፣
ውጪዋ ቡኒ፣ ውስጧ ነጣ ያለ።
«እንኪ ኖትቡርጋ» ይለኛል፣ «የላም ድንጋጤ።»

አርባ ላም፣ ሰማንያ ቆብ።
ድልድዩን ስሻገር በረዶው ቀልቷል።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ይከተፋል፣ ይፈጫል፣
በስኳር ውሃ ተበጥብጦ ማሽከርከሪያው ይገባል።
ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ይሰምጣል፤
ከቱቦው ግርጌ የምትቀረው ሮዝ አተላ፣
እሷን ነበር የምንፈልገው፦
ቁጥር የማይገልጻቸው ከረጢቶች፣
አፋቸው እንደተሰፋ።

ውስጣቸው ኮምጣጣ ነው።
አድሬናሊን ታጭቆበታል፣ ካልሲየም ታጭቆበታል፤
ይህን ሁሉ አቅፎ፣ ጠቅጥቆ፣ እንዳይፈስ የያዘ
አንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ አለ፣ ግራኒን የሚሉት ፕሮቲን።
የደነገጠ ሰው «አድሬናሊኔ ወጣ» ይላል፤
«ግራኒኔ ወጣ» ያለ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።
አብሮ ነው የሚወጣው።
ሙሽራው ሲወጣ ሚዜን ማን አወሳው።

ነርቭ ስታንኳኳ፣ ካልሲየም ሲጎርፍ፣
ከረጢቱ ሄዶ ከግድግዳው ሲያርፍ፣
ታጭቆ የኖረው ሁሉም ሲዘረገፍ፣
ከአፍ ከወጣማ መመለሻው አፋፍ።

ሠላሳ አንድ ዓመት።
ቄራው ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆነ።
እኔም ከላም ወደ ሰው ተዛወርኩ፣
ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደም በቱቦ፣ ቱቦ በመደርደሪያ።
ያ ዕቃ ቤት ጠባቂ ዛሬ አሳባቂ ነው፤
አንጀት ውስጥ የተሸሸገ እጢ ካለ
ደም ውስጥ በዝቶ ይናገራል።

ማክሰኞ አንዱ ቱቦ ላይ ስሙን አነበብኩ።
በዚህ አገር ሮሜዲዩስ ሞልቷል፤
በዚያ ዓመት የተወለደ፣ ከዚያ መንደር የመጣ ግን
አንድ ነው።
ቁጥሩ ስድስት መቶ አርባ።
ጤነኛ ሰው መቶ አይሞላም።

እጄ ቀዘቀዘ። ልቤ ደረቴን ደበደበው።
የራሴ ከረጢቶች መሆናቸው ነው፤
የላም ድንጋጤ፣ የሰው ድንጋጤ፣ ቆቡ ያው ቆብ።

ዶክተሯ ጋ ደወልኩ።
«የጨጓራ ክኒን ይወስዳል?»
«አራት ዓመቱ።»
«እሱም ቁጥሩን ያንረዋል። አስቁሚውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም።»
ስልኩን ስዘጋ ተስፋ ይሁን ፍርሃት
የያዘኝን ለይቼ አላወቅሁትም።

አርብ ማታ ፌርማታው ላይ አገኘሁት።
ፊቱ ቀልቷል። ብርዱ ነው? ወይስ...
«ኖትቡርጋ! ባልዲሽን የት ጣልሽው?»
ሳቅሁ።
ቁጥሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።
ሕጉ አይፈቅድም፤ ሕጉስ ባይኖር ምን ልለው ነው?
ግማሽ እውነት ይዤ ሰው ላስደንግጥ?
ዋጥኩት።
ሆዴ ውስጥ ገብቶ ኮመጠጠ።
«ጨጓራዬ እሳት ሆኗል» አለኝ፣ «ክኒኔን ከለከሉኝ።»
«ወተት ሞክር» አልኩት።
ላም ያረደ እጁን አየና፣
«ወተት!» ብሎ ሳቀ፣ አውቶቡሱ መጣ።

ዛሬ ዐሥራ አራተኛው ቀን ነው።
ሁለተኛው ቱቦ ይሽከረከራል፤
ማሽኑ አዲስ ነው፣ ማጉረምረሙ ግን የጥንቱ።
ቀላሉ ከላይ፣ ከባዱ ከታች።
መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳርፌ ቆሜያለሁ፤
ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣
ገና አራት ደቂቃ ይቀረዋል።